ማሽኑ ጤነኛ ነው

ጥር 3

ቷ!

ይሄ የአባባ ስታብላይዘር ነው። አያቴ ኮምፒውተሩን ከመክፈቱ በፊት እሱን ያበራል፤ ድምፁ ቤቱን ሁሉ ያዳርሳል። ያኔ የቤቱ ሴት በሙሉ ስልኳን ይዛ ትሮጣለች። እማዬ፣ አክስቴ፣ እኔ። አምና መብራት ሄዶ ሲመለስ በኃይል መጥቶ የአክስቴን ስልክ ካጨሰው ወዲህ ግድግዳ ላይ ስልክ የሚሰካ የለም። "ግድግዳውን አላምነውም" ትላለች አክስቴ። የቀድሞ ባሏንም የምታነሳው በዚሁ ድምፅ ነው።

መላውን የዘየድኩት እኔ። (ማን ሊሆን ኖሯል?) ከአባባ ኮምፒውተር ጀርባ የዩኤስቢ ገመድ አወጣሁ፣ በግድግዳው ቀዳዳ ወደ ሳሎን አሾለክሁት፣ ሶፋው ጀርባ ባለ ብዙ ቀዳዳ ማከፋፈያ ሰቀልኩ። ስሙን ጡት አልኩት። ስልኮቹ እንደ ጥጃ ተደርድረው ይጠባሉ። አባባ በወዲያ በኩል ይሠራል፣ እኛ በወዲህ በኩል ቻርጅ እናደርጋለን። ፍቅር በፍቅር።

ዛሬም እየጠቡ ሳለ ከወዲያ በኩል...

"ማውሱ ሞተ!"

ሄድኩ። ነካ አደረግኩት። ይሄዳል።

"አባባ፣ ይሄው በሕይወት አለ።"

"አሁን ሞቶ ነበር።"

"አንተን ሲያይ ነው የሚሞተው። እኔም አንዳንዴ ያምረኛል።"

"ውጪ፣ አንቺ ምላሳም!"

ሌላ ምንም አልሆነም። የሂሳብ የቤት ሥራ አልሠራሁም።

ጥር 6

አባባ የቤት ፕላን ነዳፊ ነው። ጡረታ ከወጣ ቆይቷል፤ ግን አንድ ኮንትራክተር አሁንም ሥራ ያመጣለታል። ስለዚህ ጡረታውን እንደ ሐሜት ነው የሚቆጥረው። "ማን ነው ጡረታ የወጣው?" ይላል። መስመር ሲጣመም ያመዋል። የቁርስ ሳህን ከጠረጴዛው ጠርዝ ጋር ትይዩ ካልሆነ መጀመሪያ ያስተካክላል፣ ከዚያ ይበላል። አንዴ ሊታከም ሄዶ የምርመራ ክፍሉ መስኮት ከፍታው ተሳስቷል ብሎ ሐኪሙን ራሱን አሳመመው።

ማውሱ ዛሬም ሞተ። ኪቦርዱም አብሮት። ከዚያ ሁለቱም ተነሡ።

አክስቴ በሩ ላይ ቆማ፦ "ያ የነጻ ነገርሽ ነው። ነጻ ነገር መጨረሻው ይሄ ነው።"

ነጻው ነገር ሊኑክስ ነው፤ በዊንዶውስ ፈንታ የሚጫን። የጫንኩለት እኔ ነኝ። አባባ ሥራውን በፍላሽ ይዞ ማተሚያ ቤት ይሄዳል፤ ከዚያ የሰው ሁሉ ቫይረስ ተሸክሞ ይመለሳል፤ ዊንዶውሱ በየጊዜው ይሞት ነበር። ሊኑክስ ከገባ ወዲህ ኮምፒውተሩ አስነጥሶ አያውቅም። ይሄንን ለአክስቴ ማስረዳት... ውሃ ቢወቅጡት እምቦጭ።

"እትዬ፣ ያንቺ ፀጉር ማድረቂያ ምን ላይ ነው የሚሠራው? ዊንዶውስ ላይ?"

አባባ ሳቀ። እሷ አልሳቀችም። ፀጉር ሠሪ ናት፤ በማድረቂያ አይቀለድም።

ጥር 9

ቤቱ ባዶ። እማዬ ሥራ ገባች። አክስቴ ተቀጥራ በምትሠራበት ፀጉር ቤት። አባባ በእግሩ ሊንሸራሸር ወጣ። ምርመራ ጀመርኩ።

ማውሱን በሌላ ማውስ ቀየርኩ። ከፊት ያሉትን መሰኪያዎች ትቼ ወደ ጀርባዎቹ አዞርኩ። ሲፒዩውን ከፍቼ አቧራ ነፋሁ፤ ውስጡ የሞተ በረሮ ነበር፣ በክብር ቀበርኩት (በመስኮት)። ሊኑክስ ደግሞ ሥራ የፈታ መሰኪያ ሲያይ ኃይል ልቆጥብ ብሎ ያስተኛዋል፤ እንዳያስተኛ አዘዝኩት። ያረጀውን ሁሉ አደስኩ። ከዚያ ተቀምጬ ጠዋቱን ሙሉ ጌም ተጫወትኩ። ለሳይንስ ስል።

አንዴም አልሞተም።

ጥቁሩን መስኮት ከፈትኩ። ሊኑክስ የሆነውን ሁሉ የሚናዘዝበት ነው። የሰሞኑን አነበብኩ። ማውስ ተነቀለ። ማውስ ተሰካ። ኪቦርድ ተነቀለ። ኪቦርድ ተሰካ...

ተነቀለ? ማን ነቀለው? እኔ አይደለሁም። ያኔ ክፍሉ ውስጥ የነበረው አንድ ሰው ነው። ጉልበቱ ረጅም፣ ጠረጴዛው አጭር።

አሃ!

ሲመለስ ጠየቅኩት።

"አባባ፣ እግርህ ገመዱን ይነካል?"

"እግሬን አንቺ ሳትወለጂ ጀምሮ አውቀዋለሁ። የት እንዳለ ይነግረኛል።"

"እጅህስ አይንቀጠቀጥም?"

ዘረጋልኝ። ትንሽ... ይንቀጠቀጣል። ወይስ እንዲንቀጠቀጥ ስለጠበቅኩ ነው?

ጥር 12

ማውሱ ሲሞት ዋለ። ለቅሶ እንድረስ ብንል ሥራ እንፈታ ነበር።

ጥር 13

አክስቴን የአባባን ክፍል በክንዷ ስትለካ ያዝኳት።

"ምን እያደረግሽ ነው እትዬ?"

"አቧራ እየጠረግኩ።"

በክንድ?

የአባባ መስኮት መንገድ ዳር ነው። አላፊ አግዳሚው ያየዋል። አክስቴ ስንት ዓመት በሰው ፀጉር ቤት ቆማ ስትውል እግሯ ያብጣል፤ የራሷ ወንበር፣ የራሷ መስታወት ያምራታል። ክፉ አይደለችም እንግዲህ። ክፋት ጊዜ ይጠይቃል፤ እሷ ሥራ ይበዛባታል።

አሁን ደግሞ አዲስ ጨዋታ አምጥታለች። ጠዋት ጠዋት፦ "አባባ፣ ዛሬ ቀኑ ስንት ነው?"

"ትናንት ላይ አንድ ጨምሪበት።"

ለእማዬ በሹክሹክታ፦ "አየሽ? አላወቀውም።"

ጥር 16

የዓመቱ ምርጥ ቀን!

ወደ አባባ ክፍል አንገቴን ሳስገባ ምን አየሁ? እግሮቹን የጫማ ካርቶን ውስጥ ከቶ ተቀምጧል። ሁለቱንም፣ ለየብቻ። ካርቶኖቹን ደግሞ ወለሉ ላይ በፕላስተር አጣብቋቸዋል። የማውሱን ገመድ ከጠረጴዛው ጋር በክር አስሮታል። ፊቱ ግን ፓርላማ የገባ ይመስላል።

"አባባ፣ ልትላክ ነው? አድራሻ ልጻፍብህ?"

"ዝም በይ። እየሞከርኩ ነው።"

ፎቶ አነሣሁት። ለቤተዘመዱ ግሩፕ ላክሁት፤ ከሥሩ "በጥንቃቄ ይያዝ፣ ይሰበራል" ብዬ። አጎቴ የሳቀ ፊት ደረደረ። የማላውቃቸው ዘመዶች ሳይቀሩ ሳቁ። አንዷ "ምን ነካው በእግዚአብሔር?" ብላለች።

ማውሱ ካርቶንም ተደርጎ ሞተ። ሰማሁት ሲራገም።

ጥር 19

ኮንትራክተሩ መጣ። ሆዱ ቀድሞት ገባ።

አባባ ሸሚዝ ቀይሯል። ፍላሹን ከደረት ኪሱ አወጣ። ሥራውን ኮምፒውተሩ ሆድ ውስጥ አያስቀምጥም፣ ስንቴ ነግሬዋለሁ። "ሥራዬ ኪሴ ውስጥ ይሁን" ነው መልሱ። ፍላሹ ላይ ይነድፋል፣ ፍላሹ ላይ ያስቀምጣል፣ ፍላሹን ይዞ ይተኛል።

ኮንትራክተሩ በራሱ ላፕቶፕ ከፈተው። ወደ ስክሪኑ ጎንበስ አለ። ከዚያ...

"አባባ፣ የዚህ ሽንት ቤት ግድግዳ የት ሄደ?"

"አለ።"

"የለም።"

እውነትም የለም። የፎቁ ግማሽ ግድግዳ የለም። የሽንት ቤቱ መቀመጫ ሳሎኑ መሃል ቁጭ ብሏል፣ እንግዳ የሚቀበል ይመስል።

መጀመሪያ የሳቅሁት እኔ ነኝ። "ምን አለበት፣ ቴሌቪዥን አያመልጣቸውም" አልኩ። አክስቴ ተከተለችኝ። ኮንትራክተሩም ሆዱ እየዘለለ።

አባባ አልሳቀም። "ሠርቼዋለሁ" አለ። "ትናንት ሠርቼ ነው ያስቀመጥኩት።" ስክሪኑን በጣቱ ነካው፣ ግድግዳው ከሥሩ የተደበቀ ይመስል።

"እስኪ ትንሽ ይረፉ አባባ" አለው ኮንትራክተሩ። "ለአንድ ልጅ እሰጠዋለሁ፣ እርስዎ አይጨነቁ።" ትከሻውን ቸብ ቸብ አደረገው። ሕፃን ሲያገሳ እንደሚደረገው።

ሌላ ሥራ አመጣለሁ አላለም። ሁልጊዜ ይል ነበር።

ጥር 20

እራት ላይ ችሎት ተቀመጠ። አጎቴም ተጠርቶ መጥቷል፤ የእማዬ ታላቅ ወንድም፣ ከተማው ጫፍ የሚኖረው። አባባ መሃላቸው ተቀምጦ እሱ እንደሌለ ያወራሉ።

አክስቴ፦ "ምድጃ ለኩሶ ቢረሳስ? ቤቱን በላያችን ቢያነደውስ?"

እማዬ፦ "ኧረ እንደሱ እንኳን..." እማዬ የዚህ ቤት ሁለተኛዋ ስታብላይዘር ናት። ከፍ ሲል ታወርዳለች፣ ዝቅ ሲል ታነሣለች፣ ሲብስ ትጠፋለች።

አጎቴ፦ "እኔ ጋ ከጋራዡ ኋላ ክፍል አለች። ጸጥ ያለች ናት።"

አባባ፦ "መሰኪያው ነው እኮ! ስንቴ ልናገር? እየሠራሁ እያለሁ ፍላሹ ይጠፋል፣ ይመጣል፣ ይጠፋል።"

"አባባ፣ ዕቃ በራሱ አይጠፋም" አለች አክስቴ፣ ድምፅዋን አለስልሳ። ስታለሰልስ ነው የምፈራት።

ከዚያ ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ። በዚህ ቤት ታሪክ ለመጀመሪያ ጊዜ።

"አንቺ ነሽ የምታውቂው" አለኝ አጎቴ። "ማሽኑ ነው?"

"የዚያ የነጻ ነገር ጥፋት ከሆነ" አለች አክስቴ፣ "ተጠያቂዋ አንቺ ነሽ። ነገውኑ ነቅለሽ ትጥዪዋለሽ።"

ምን ልበል? ጠዋቱን ሙሉ ሞክሬዋለሁ፣ አንዴም አልሞተም። ሊኑክሴ ንጹሕ ነው። ደግሞ ሁሉም እያዩኝ ነው... ነገሩ ምላሴ ጫፍ ላይ መጣ። እዚያ የደረሰ ነገር ዋጥ ማድረግ አልተማርኩም።

"ማሽኑ ጤነኛ ነው" አልኩ። "ዋስትናው ያለፈበት ተጠቃሚው ነው።"

ሳቅ! አጎቴ ጠረጴዛውን መታ። እማዬ እንኳን አፏን በእጇ ሸፈነች። አባባም ሳቀ፤ ከሁሉም ዘግይቶ፣ ቀልዱ ዞሮ ዞሮ የደረሰው ይመስል።

የጋራዡ ክፍል ተፈረደበት። በዚያው ማዕድ ላይ፣ ሳህኑ ሳይነሣ።

ጥሩ ቀልድ ነበር ግን። አሁንም ጥሩ ነው የምለው።

ጥር 24

ከትምህርት ቤት ስመለስ አባባ በረንዳው ላይ እየጠበቀኝ ነበር። እኔን! ቦርሳዬን ተቀበለኝ። እንግዳ ነገር።

"ያን ቀን ያልሽው..."

"የቱ ቀን?"

"ስለ ዋስትናው። እውነትሽን ነው ወይስ ለሳቅ ነው?"

አሁን ሳስበው ሌላ መልስ ሞልቶ ነበር። እኔ ግን ምን አልኩ?

"ለሁለቱም።"

ራሱን ነቀነቀ። ቦርሳዬን መልሶ ሰጠኝ።

የካቲት 2

ከቁርስ በፊት አባባን ካላንደር ሲያጠና ያዝኩት። ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል፣ ፈተና እንዳለበት ተማሪ።

"አባባ፣ ዛሬ ስንት ነው?" አክስቴ።

"ሁለት!" አለ ቸኩሎ።

"የምን ሁለት?"

"የ... የካቲት።"

"ጎሽ!" አለችው። ጎሽ! ጮክ ብላ ነው ደግሞ። ጆሮው እኮ ደህና ነው፤ ይሄን ብቻ ማንም አልጠረጠረውም ነበር።

ሳህኑ ከጠረጴዛው ጠርዝ ተጣሞ ነበር። እንደተጣመመ በላ።

የካቲት 5

ሄደ።

አጎቴ መኪና ይዞ መጣ። ልብስ፣ ጥቂት መጻሕፍት፣ ትልቁ የእንጨት ማስመሪያ። ኮምፒውተሩን "እዚያ ምን ያደርግልሃል?" ብለው አስቀሩት። ለእኔ ተረፈ። ደስ አለኝ። ደስ ማለቱ ይጻፍ፤ እዚህ ላይ ለማን ብዬ እዋሻለሁ?

መኪናው ውስጥ ገብቶ መስታወቱን ዝቅ አደረገ።

"አንቺ።"

"ወዬ?"

"መሰኪያው ግን..." ጨርስ ብዬ ጠበቅኩት። "ይሁን" አለና መስታወቱን ዘጋ።

የካቲት 9

የአባባ ክፍል ሮዝ ተቀባ። ሮዝ! የፀጉር ማጠቢያው አልጋው በነበረበት ገባ። አክስቴ እየዘፈነች ወለል ትወለውላለች፤ እንዲህ ስትዘፍን ሰምቻት አላውቅም። ድምፅዋ ቆንጆ ነው። ያናድዳል።

የካቲት 11

ኮምፒውተሩን ሳሎን ሶፋው አጠገብ አቆምኩት። ጡቱ እዚያው በቦታው፣ አሁን ገመዱ አጠረ። ስታብላይዘሩን አበራሁ። አክስቴ ከፀጉር ቤቷ ሁለት ስልክ ይዛ ሮጣ መጣች (አንዱ የደንበኛ ነው)። እማዬም። የእኔ ቀድሞ ተሰክቷል። ጌም ከፈትኩ። ገደል ልዘል ስል...

ማውሱ ሞተ።

እጄን አየሁት። አልተንቀጠቀጠም። ጉልበቴን አየሁት። ገመድ አልነካም።

ወደ ሶፋው ጀርባ ዞርኩ። የአክስቴን ስልኮች ነቀልኩ። ማውሱ ተነሣ። ሰካሁ። ሞተ። ነቀልኩ። ተነሣ። ሰካሁ...

"ምን ትሆኛለሽ?" አለችኝ አክስቴ።

የዩኤስቢ መሰኪያ የሚሰጠው ኃይል ትንሽ ነው። ማውስ ለመቀለብ እንጂ የቤት ሙሉ ስልክ ለማደለብ አልተሠራም። ስልኮቹ አንድ ላይ ሲጠቡ ኃይሉ ይወርዳል፤ ሲወርድ ደካማ ደካማው ይወድቃል። ማውስ። ኪቦርድ። ፍላሽ። ጥቁሩ መስኮት "ተነቀለ" ብሎ ይጽፋል፤ በማን ምክንያት የሚለውን አይጽፍም። ያን እኔ ሞላሁበት።

ኮምፒውተሩ የሚበራው አባባ ሲሠራ ብቻ ነበር። እኛ የምንሮጠው ሲበራ ብቻ። ስለዚህ ሁልጊዜ እሱ ላይ ይሞታል። እኔ የሞከርኩት ጠዋት ደግሞ ሁሉም ስልኩን ይዞ ወጥቷል... ሕፃን ያገኘዋል! እኔ ያላገኘሁት ጡቱን የሰቀልኩት ራሴ ስለሆንኩ ነው። የራስ ብልሃት አይጠረጠርም።

ካርቶኖቹ... እሱ እግሩን ከጨዋታው እያወጣ ነበር። ገመዱን አሰረ፣ እግሩን አሰረ፣ ማውሱ ያም ሆኖ ሞተ። ማስረጃ ነበር እኮ! ምርመራ እንዲህ ነው የሚሠራው። እኔ ፎቶ አነሣሁት።

የካቲት 12

እራት ላይ አሳየኋቸው። ስልኮቹን በየተራ ሰካሁ። ማውሱ ሲሞት "አያችሁ?" አልኩ። አዩ።

እማዬ "ወይኔ አባቴን" አለችና ተነሥታ ሳህን ማጠብ ጀመረች። የታጠበ ሳህን።

አክስቴ ማውሱን ገልብጣ አየችው። ከዚያ፦ "ታዲያ ምን ይሁን? ውሃው ተዘርግቷል። መስታወቱ ተሰቅሏል።"

"ይመለስ።"

"የት ይተኛ? ፀጉር ማጠቢያው ላይ?"

"እዚያ ደግሞ ደስ ብሎታል አሉ" አለች እማዬ፣ ፊቷን ሳታዞር።

"ማን አለ?"

"ወንድሜ።"

"አባባስ ምን አለ?"

ቧንቧውን ይበልጥ ከፈተችው።

አክስቴ ስልኮቿን ነቀለች። ሄደች ብዬ ሳስብ ዞር አለች። "እኔን እንዲህ አትዪኝ። እኔ ቀን ነው የጠየቅኩት። ዋስትናው አልፎበታል ብዬ የፈረድኩበት እኔ ነኝ?"

ይጻፍላት፤ ጥሩ አድርጋ መታችኝ።

የካቲት 14

ለኮንትራክተሩ ደወልኩ። ሁሉንም አስረዳሁት። ግድግዳው ተሠርቶ ነበር፣ ፍላሹ ነው የዋጠው አልኩት።

"ጎሽ የኔ ልጅ" አለኝ። "አያትን መውደድ ጥሩ ነው።"

እኔ? አያት መውደድ? ጆሮው ላይ ዘጋሁት።

የካቲት 16

አጎቴ ቤት ሄድኩ። ክፍሏ የቤንዚን ሽታ አላት። መስኮቷ ከግድግዳ ጋር ተፋጣ ትውላለች፤ ያውም ተጣማ ነው የተሠራችው፣ ከበር ላይ ሆኜ ይታየኛል። አባባ አልጋው ላይ ተቀምጦ ያቺን መስኮት ያያል። ምንም አላላትም።

"አባባ፣ መሰኪያው ነበር።"

ሁሉንም ነገርኩት። ስልኮቹን፣ ጡቱን፣ ኃይሉ እንዴት እንደሚወርድ። "አንተ ልክ ነበርክ። እጅህ ደህና ነው፣ ራስህም ደህና ነው። ያበላሸነው እኛ ነን። እኔ ነኝ።"

እስከ መጨረሻው አዳመጠኝ። ከዚያ ራሴን ዳበሰኝ። አባባ ራሴን ዳብሶኝ አያውቅም። የማውቀው ኩርኩሙን ነው።

"ተባረኪ" አለኝ።

"ምን ተባረኪ? እውነቴን ነው እኮ!"

"አውቃለሁ፣ አውቃለሁ።" ፈገግ አለ። "አንቺ እኔን አጽናንተሽኝ አታውቂም። እስካሁን ስትሰድቢኝ ደህና ነኝ ማለት ነው እል ነበር። ዛሬ አንቺም ካጽናናሽኝ... ብሶብኛል ማለት ነው።"

"አላጽናናሁህም! ደረቅ ሽማግሌ! ስማኝ እንጂ!"

"እሺ፣ እሺ" አለ። ልክ በእማዬ ድምፅ።

የካቲት 17

ዕድሜ ልኬን የቀለድኩበት ሰው አንድ ቀን እውነት ስነግረው፣ በምን ይለየው?

የካቲት 23

ኮምፒውተሩን በታክሲ ጭኜ ወሰድኩለት። ጡት የለም፣ ስልክ የለም። ማውስና ኪቦርድ ብቻ። ከፈትኩት። "ና ያዝ፤ ከሞተ እኔን ግደለኝ" አልኩት። ማውሱን የሚናከስ ነገር ይመስል አየው። እጁን ጉልበቶቹ መሃል ደበቀ።

"አንቺ ያዢው" አለኝ።

እሺ፣ ወረቀት ይሁን። አጎቴ ከጋራዡ በላይ ክፍል ሊሠራ ነው፣ ንደፍለት ብዬ ዋሸሁት። እርሳስ ሰጠሁት። ብዙ ጊዜ ፈጀበት። ግን ጀመረ። መስመሩ... ቀጥ ያለ! ማስመሪያ ሳይነካ። ግድግዳ፣ መስኮት፣ ከውጭ የሚወጣ ደረጃ። እጁን አፍጥጬ አየሁት። አልተንቀጠቀጠም። ይሄው፣ አለ፣ ሙሉ ሰውዬው አለ እኮ!

ከዚያ እርሳሱን አነሣና ወደ እኔ ዞረ።

"በሩ ወደ የት ይከፈት?"

እኔን? አባባ፣ እኔን?

ደረጃ አናት ላይ ያለ በር ወደ ደረጃው አይከፈትም። ይሄን ማንም ያውቃል። ከታች የሚወጣውን ሰው ገፍትሮ ይጥለዋል። እንዲህ ያለ በር የነደፈ ሰው ቢያጋጥመው አባባ ወረቀቱን ቀዶ እርሳሱን ይሰብርበታል፣ ከዚያ ሰውዬውን ወደ መሰባበሩ ይሄዳል።

ይጮህብኛል ብዬ፣ ይኮረኩመኛል ብዬ፣ ፊቴን ሳልቀይር፦

"ወደ ደረጃው" አልኩት።

አየኝ። ጠበቅኩ። ጎንበስ አልኩለት እኮ፣ ለኩርኩሙ እንዲመቸው።

"እሺ" አለ።

ሳለው። ቀስ ብሎ፣ ተጠንቅቆ፣ ቆንጆ አድርጎ። ከዚያ ወረቀቱን ወደ እኔ አዞረው።

"ልክ ነው?"